ጃፓናዊቷን ልጃችንን ሰከላ ልንወስዳት ነው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤታችን ለስድስት ወር ትምህርት ከጃፓን የመጣች የ22 ዓመት ልጅ አለች። ከልጆቼ ጋር እንደ እህት ሆናለች። በጥቅምት አጋማሽ ሰከላ ወስደን ከእናቴ ጋር ልናስተዋውቃት አስበናል። መኪና ከወንድሜ እንዋሳለን። ባለቤቴ ጢስ ዓባይ ፏፏቴን፣ ዘንገና ሐይቅንና ሰከላ ያለውን የዓባይ ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን፣ በአንድ ቀን አዙረናት ማታ እንመለሳለን ይላል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ እምቢ ማለት አታውቅም። የሰጧትን ሁሉ ትበላና ሌሊቱን ሆዷን ይዛ ታድራለች። እናቴ ደግሞ ያቀረቡት ሳይበላ ሲቀር ይቀየማሉ። ምን ላድርግ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የባለቤትዎን ዕቅድ እናፍርሰው። (ይህን ገጽ ባያሳዩት ይሻላል።) ጢስ ዓባይ ከእናንተ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን አቅጣጫው ሌላ ነው። ለሌላ እሑድ ይቆይ። የሰከላው መንገድ በመርዓዊ፣ በዱርቤቴ፣ በዳንግላና በአዲስ ቅዳም አድርጎ እንጅባራ ይገባል። ከዚያ ቲሊሊ ላይ ዋናውን መንገድ ትታችሁ ወደ ውስጥ ነው። ሁለት ሌሊት እናትዎ ዘንድ እደሩ። በዋዜማው መናኸሪያ ወርደው ሹፌሮችን ይጠይቁ። መንገዱ ደህና አይደለም ካሏችሁ ጉዞው ይቅር፤ እናትዎን ባሕር ዳር ያምጧቸው።

አሁን ወደ ሆዷ። ጥቅምት አጋማሽ ጽጌ ጾም ነው። እናትዎ ጽጌን የሚጾሙ ከሆነ ግማሹ ችግር ቀለለ፤ ቅቤም ዶሮም የለም። ለእንግዳ ብለው ዶሮ እንዳያርዱ ግን ቀድመው ይደውሉ። ስልኩ ላይ «ትንሽ ነው የምትበላ» አይበሉ፤ «ከስታለች ማለት ነው» ብለው የበለጠ ያዘጋጃሉ። «ሆዷን ያማታል፣ ድንች ቅቅል ትወዳለች» ይበሏቸው። የሰከላ ድንች ትኩስ ትኩሱን ማንንም አያሳምም። ጠላው ግን ጥሬ ውሃ አለበት፤ አፏን አስነክታ ታስቀምጠው። እርጎም ይቅርባት። ቡና የፈላ ነው፣ እንደ ልቧ።

ልጅቷንም ያስተምሯት። «ጠገብኩ» ብቻውን እኛ አገር እንደ ይሉኝታ ነው የሚቆጠረው። ሳህኗን ጠርጋ ከበላች ደግሞ አለቀላት፤ ባዶ ሳህን ሲታይ ይጨመራል። ትንሽ እንጀራ ታስቀርና «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትበል። አንድ ጉርሻ ያጣላል እንደሚባልም ይንገሯት፤ ሁለተኛው እንደማይቀር አውቃ አፏን በልኩ ትክፈት። ከሁሉም በላይ ወደ ጓዳ ያስገቧት። ቡና ትቁላ፣ ሽንኩርት ትላጥ። ስትሠራ የምትውል ልጅ «በሞቴ» እያሉ የሚያስጨንቋት እንግዳ መሆኗ ይቀራል።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። በ2011 ዓ.ም. እኛ ቤት የነበረውን ጀርመናዊ ተማሪ አማቴ ዘንድ ቲሊሊ ወሰድነው። ጠዋት አማቴ ፍርፍር አቀረቡ፣ እኔም «ብላ እንጂ» እያልኩ አስጠረግሁት። ከዚያ ግሽ ዓባይ ስንደርስ ጠበሉን የሚጠብቁት አባት «እህል ቀምሳችኋል?» አሉ። የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይጠጋም። ልጁ ከበርሊን ጀምሮ ሲያልመው የኖረውን ቦታ ከሩቅ አየው። እኔ አፈርኩ። ስለዚህ የግሽ ዓባይ ቀን ጠዋት ማንም እንዳይቀምስ፣ ውሃም ቢሆን። ቁርሱ ከዚያ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ ልጁ በዚያ ሳምንት ስለ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ብዙ አንብቦ ነበር። ብሩስ በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ ምንጩን ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነኝ ብሏል። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ቀድሞታል። ይህን ለአማቴ አስተረጎምኩላቸው። «ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

በመንገድ ላይ ብዙ አትቁሙ። ዳንግላን አልፋችሁ አዲስ ቅዳም አካባቢ ልጅቷ ደኑን አይታ ፎቶ ልታነሳ ትላለች። ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነው፤ ገበሬው እንደ እህል ተክሎ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል የሚቆርጠው። ያንን ስትሰማ ከፎቶው ይልቅ ጥያቄ ታበዛለች። እንጅባራ ላይ ደግሞ ልቧ እንዳይሰበር። የእኛው ጀርመናዊ ልጅ ስምንት ወር አማርኛ ተምሮ ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማና «አንድ ቃል አልገባኝም» ብሎ ፊቱ ጠቆረ። ሴቶቹ አገውኛ ነበር የሚያወሩት። ዘንገና ሐይቅ መንገድ ዳር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ስለሆነ ዳር ዳሩ ይቆለቁላል፤ ልጆቹን ይያዙ።

ብርዱን አይናቁ። ለእሷ ጋቢ ይያዙ። ሲመለሱም ከመኪናው ኋላ ለአንድ ጆንያ ድንች ቦታ ይተዉ፤ እናትዎ ባዶ እጅ አይሸኟችሁም።