እንቁላሉን ከመከልከልሽ በፊት ፍራሹን እይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቡሬ እንደምትኖሪ፣ የ6 ዓመት ልጅሽ ከኅዳር እስከ ጥር ዓይኑ እየቀላና አፍንጫው እየፈሰሰ በላይ በላዩ እንደሚያስነጥስ፣ ክንዱ መታጠፊያ ላይም ደረቅ ሽፍታ እንዳለበት ጽፈሻል። ጎረቤት «አለርጂ ነው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ቲማቲምና ሽሮ ከልክይው» ብላሽ ከለከልሽው፤ ማስነጠሱ አልቀረም፣ ልጁ ግን ከሳ። መጨረሻ ላይ «ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሊኖር ነው ወይ?» ያልሽው ሆዴን ስለነካው ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። ከ10 ዓመት በፊት እኔም እናቴን ይህንኑ ጠይቄያት ነበር።

ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ የምኖር አስተማሪ ነኝ፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። ሁለተኛው ልጄ ገና በ4 ዓመቱ ነው የጀመረው፤ አሁን 14 ሆኖታል። የምነግርሽ በእሱና በወንድሜ ልጅ ያየሁትን፣ ሐኪሞችም ያስረዱኝን ነው።

መጀመሪያ ሁሉም «ብርድ መትቶት ነው» አለን፤ ጋቢ ደራርበን አስተኛነው። ከዚያ «ሳይነስ ነው» ተባለ። እኛ ጋ አፍንጫው የታፈነ ሁሉ ሳይነስ አለበት ይባላል፤ በዚህ ስም ስንት ልጅ የማያስፈልገውን አንቲባዮቲክ ዋጠ! ልዩነቱን ያስረዳችኝ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ናት። ጉንፋን በሳምንት፣ ቢበዛ በ10 ቀን ገደማ ይለቃል፤ ትኩሳት ሊኖረው ይችላል። አለርጂ ግን ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል፣ ትኩሳት የለውም፣ ንፍጡ እንደ ውኃ ቀጭን ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያሳክካል። ልጄ አፍንጫውን በመዳፉ ሽቅብ እየፈተገ ፈተገና አፍንጫው ላይ አግድም መስመር ወጥቶበት ነበር። ሐኪሟ ገና ከበር ስንገባ ያንን መስመር አይታ ነው የገባት። ያንቺንም ልጅ እስኪ በብርሃን እይው።

ነገሩ እንዲህ ነው አለችኝ፦ ከጀርም የሚጠብቀን የሰውነት ኃይል አንዳንዴ ይሳሳትና ምንም የማይጎዳውን ነገር፣ የሣር ብናኝ ይሁን አቧራ ወይም ምግብ፣ ጠላት ብሎ ይይዘዋል። ያ ነገር ተመልሶ ሲመጣ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ማሳከኩም፣ ማበጡም፣ ንፍጡም የዚህ ሥራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «አለርጂ ምን ይከለክላል?» አይደለም። «የኔ ልጅ ሰውነት ጠላት ያደረገው የትኛውን ነው?» ነው። ጎረቤትሽ የነገረችሽ ዝርዝር የሌላ ሰው ልጅ ዝርዝር ነው።

እኔ ያደረግሁት አንድ የ50 ገጽ ደብተር መግዛት ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በየቀኑ ጻፍኩ፤ የት እንዳደረ፣ ምን እንደበላ፣ ማስነጠሱ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ያን ቀን ቤት ተጠርጎ፣ እንጀራ ተጋግሮ ወይም በርበሬ ተቆልቶ እንደሆነ። በሁለተኛው ወር ዓይኔ ተገለጠ። እንቁላል የበላበት ቀንና ያልበላበት ቀን ልዩነት አልነበራቸውም። ልዩነት ያለው ጠዋትና ከሰዓት መካከል ነው፤ ገና ሳይነሳ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ነው የሚጀምረው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ደምበጫ አያቶቹ ዘንድ ደርሶ የመጣበት ሰሞን ነው፤ ጤፍ የሚወቃበት ጊዜ።

አልጋው ላይ ያለው ፍራሽ አማቴ በእጃቸው ሰፍተው የላኩለት የገለባ ፍራሽ ነበር። በዚያው ክፍል ጥግ ሁለት ጆንያ ጤፍና አንድ ማዳበሪያ በርበሬ ተቀምጦ ነበር። ፍራሹን ያወጣሁ ቀን አማቴ አኮረፉኝ። እውነት አላቸው፤ ለልጅ ልጃቸው ብለው የደከሙበት ነው። ኋላ ላይ ደብተሩን አነበብኩላቸው፤ ቀን በቀን። ዝም ብለው ሰምተው «እኔስ መች ክፉ አሰብኩ» ብለው አለቀሱ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ፍራሹን ራሳቸው ለሌላ ሰው ሰጡት።

ከዚያ ስፖንጅ ፍራሽ ገዝቼ በላስቲክ ሸፈንኩና በላዩ አንሶላ አነጠፍኩ። አንሶላና ትራስ ልብሱን በየሳምንቱ እጅ በማያስነካ ሙቅ ውኃ፣ 60 ዲግሪ ገደማ በሆነ፣ ነው የማጥበው፤ ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሚራቡትን በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቀዝቃዛ ውኃ አይገድላቸውም። እህሉን ወደ ጓዳ አዛወርኩ። ቤት ሲጠረግ ውኃ እረጭበታለሁ፤ ልጁም በዚያ ሰዓት ውጭ ይሆናል። በክረምት ግድግዳው ጥግ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ እያጠብኩ መስኮት መክፈት ለመድኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሳያስነጥስ መነሳት ጀመረ።

የአውድማው ነገር ከበደኝ። ልጅን ከአያቶቹ ምርት መለየት እንዴት ይሆናል? በመጨረሻ የተስማማነው ሲወቃ ሊያይ ይችላል፤ እህሉ በላይዳ ለነፋስ ሲሰጥ ግን፣ ያ እብቁ እንደ ጉም የሚነሳበት ጊዜ፣ እቤት ይሆናል በሚል ነው። ውጭ ከቆየም ሲገባ ልብሱን ይቀይራል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ አፍንጫውን በጨው ውኃ ያጥባል። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ያልፈላ ውኃ ወደ አፍንጫ አታስገቢ። አያቱም በየዓመቱ ምርት ሲያበጥሩ ሲያስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ለካ በዘር የሚተላለፍ ነገርም አለው።

ጭስ፣ ዕጣንና የሚቆላ በርበሬ አለርጂ አይደሉም፤ ጤነኛውንም ያቃጥላሉ። አስቀድሞ የተቆጣ አፍንጫ ግን እነሱን አይችልም። ቡናውን አልተውኩም። ዕጣኑን በረንዳ ላይ አደርገዋለሁ፤ ቄጠማ ደግሞ እሱ በሚብስበት ወር አልጎዘጉዝም።

ወደ ምግቡ ልመለስ፣ እዚህ ላይ ነው ያንቺ ጭንቀት። የምግብ አለርጂ ብዙውን ጊዜ ከበሉ በኋላ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ ያንኑ ምግብ በበሉ ቁጥርም ይመለሳል። ከንፈር ማበጥ፣ ሽፍታ፣ ማስታወክ፣ ሆድ ቁርጠት ነው መልኩ። ምግብ ብቻውን፣ ሌላ ምልክት ሳይኖረው፣ ሦስት ወር ሙሉ በመኸር ያስነጥሳል ማለት ዘበት ነው። ልጅሽ እንቁላልና ወተት ሲበላ ኖሮ ምንም ካልሆነ የልጅ ገንቢ ምግብ በከንቱ ነው የቀረበት። እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ፤ ልጄን አምስት ወር እንቁላል ከልክዬው ክብደቱ ሲቀንስ ነው የነቃሁት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከዚህ በፊት በልቶ ከንፈሩ ያበጠበት ወይም ሽፍታ የወጣበት ምግብ ካለ ቤት ውስጥ አትሞክሪው፤ ሐኪም ባለበት ይሁን። የክንዱ ሽፍታ ችፌ ይመስለኛል፤ እሱንም አሳይው። እስከዚያው ሽታ ያለው ሳሙና ተይና፣ ታጥቦ ሰውነቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቢው።

ታናሽ ካለው ደግሞ «እንዳይዘው» ብለሽ ኦቾሎኒና እንቁላል እንዳታቆዪበት። ለንደን ውስጥ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ትልቅ ጥናት፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ገና ዓመት ሳይሞላቸው ኦቾሎኒ ሲለምዱ፣ የኦቾሎኒ አለርጂ የያዛቸው ካልለመዱት ይልቅ በጣም ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል። ችፌው የጠናበት ሕፃን ከሆነ ግን ከመጀመርሽ በፊት ሐኪም አማክሪ። ምንጊዜም ደቅቆና ተበጥብጦ ነው፤ ፍሬው ያንቃል።

መድኃኒት። የቀድሞዎቹ የአለርጂ ክኒኖች፣ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን፣ ያስተኛሉ፤ ልጅ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ሴትሪዚንና ሎራታዲን ይሻላሉ፤ መጠኑን በዕድሜው ያዘዙልሽን ስጪ። አፍንጫው ሁልጊዜ የሚታፈን ከሆነ ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የአፍንጫ ስፕሬይ አለ፤ ቤክሎሜታዞን ወይም ፍሉቲካዞን ይባላል። ይኸኛው ዛሬ ተረጭቶ ዛሬ አያድንም፤ በየቀኑ ሲወሰድ ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ነው ኃይሉ የሚታየው። ጫፉን ወደ መሐል አጥንት ሳይሆን ወደ ጆሮ በኩል ያዘንብይው፤ አለዚያ ያደማል። እኔ ይህን ሳላውቅ አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ፣ ዛይሎሜታዞሊንን፣ ወር ሙሉ ስሰጠው ነበር። ያ ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ራሱ ይደፍናል። በታመመ ቁጥር የሚወጋው «የአለርጂ መርፌ» ያልሽውም ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ነው፤ ለጊዜው ያሽራል፣ እየተደጋገመ ሲወጋ ግን የልጅ እድገት ያቀጭጫል። ስሙን ጠይቂና ጻፊው። ጸበል የምትወስጂው ከሆነም ውሰጂው፤ እኔም እወስደዋለሁ፣ መድኃኒቱን ሳላቋርጥ።

አሁን የምነግርሽ ግን ከማስነጠስ ጋር የማይገናኝ፣ ደብተር የማይጠብቅ ነገር ነው።

ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ነው የሚኖረው። ሴት ልጁ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። እናቷ ከገበያ ግብጦ ይዛ ገባች፤ ታምሶ፣ ቀናት ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ምሬቱ የወጣለት። ሁላችንም ከአንድ ሰፌድ እየላጥን በላን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ልጅቱ ከንፈሬን በላኝ አለች። ሰውነቷ ሳማ እንደለበለበው ሆነ፣ ፊቷ አበጠ፣ አስታወከች፣ ከዚያ ድምጿ ጎረነነ። አንዱ «ቡዳ ነው» ይላል፣ አንዱ «ወተት አምጡ» ይላል፣ አንዱ «ግብጦው ምሬቱ አልወጣለትም» ይላል። ምሬቱ ያልወጣለት ግብጦ እርግጥ ይመርዛል፤ አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ያዞራል፤ እሱ ግን የበላውን ሁሉ ነው የሚይዘው። እኛ ደህና ነን፤ እሷ ብቻ ናት የምትታፈነው። ወንድሜ አቅፏት ባጃጅ ውስጥ ገባ። ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ «ምን በላች?» ብላ ብቻ ጠየቀች፤ ወዲያው ጭኗ ላይ አድሬናሊን ወጋቻት። በደቂቃዎች ውስጥ ድምጿ ተመለሰ። ያችን ነርስ ባሰብኳት ቁጥር እመርቃታለሁ።

ግብጦና ኦቾሎኒ ሁለቱም ጥራጥሬ ናቸው፤ አንዱን ጠላት ያደረገ ሰውነት አንዳንዴ ሌላውንም ይነሳበታል። ኦቾሎኒ ስትበላ አፏን ያሳክካት እንደነበር ትዝ ያለን ከዚያ በኋላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ግብጦ በምግብ ላይ ተጽፎ እንዲታወቅ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል። እኛ ጋ በጣሳ ተሰፍሮ ነው የሚሸጥ፤ አንዳንድ ቤት ሽሮ ውስጥም ይገባል። ስለዚህ ልጅቱ ራሷ፣ ድግስም ቢሆን፣ «ግብጦ አለበት?» ብላ ትጠይቃለች። የሚቀየማት የለም፤ ዘመዱ ሁሉ ያውቃል።

ይህን በልብሽ ያዢው፦ ከምግብ፣ ከንብ ንድፊያ ወይም ከመርፌ በኋላ ሽፍታ ወይም እብጠት ከመተንፈስ ችግር፣ ከድምፅ መለወጥ፣ ተደጋግሞ ከማስታወክ ወይም ከመዝለፍለፍ ጋር ከመጣ፣ የሚያድነው አድሬናሊን ነው። ክኒን ማሳከክን ያስታግሣል፤ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። በጀርባው አስተኝተሽ እግሩን ከፍ አድርጊ፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ፤ በእግሩ እንዳታስኬጂው። ቢሻለውም ቶሎ ይዘሽው አትመለሺ፤ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። አገራችን የማር አገር ስለሆነች ንብንም አትርሺ፤ የተነደፈበት ቦታ ብቻ ማበጡ የተለመደ ነው፣ መላ ሰውነቱ ሲያሳክክና ሲያብጥ ግን ያው አደጋ ነው። እሾኋን ወዲያው በጥፍርሽ ጠርገሽ አውጪ። ፔኒሲሊን የሚቆጣው ሰው ካለም ካርድ ላይ ይጻፍለት፤ በሄደበት ሁሉ ሳይጠየቅ ይናገር።

«ዕድሜ ልኩን ወይ?» ላልሽው፦ የወተትና የእንቁላል አለርጂ አብዛኞቹን ልጆች እያደጉ ይተዋቸዋል፤ የኦቾሎኒ ግን ብዙውን ጊዜ ይቆያል። የአቧራውና የብናኙ አይጠፋም ይሆናል፣ ግን ይገዛል። ልጄ ዛሬ ኳስ ይጫወታል፤ በኅዳር ስፕሬዩን ይጀምራል፣ በየካቲት ያቆማል።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ። ሌሊት ያስለዋል? ሲሮጥ ደረቱ ሲር ሲር ይላል? አፍንጫው እንዲህ የሆነ ልጅ አስም አብሮት ሊኖር ይችላል። «ፓፍ (የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ሱስ ያስይዛል» የሚሉሽን አትስሚ፤ አያስይዝም። ለልጅ ደግሞ ፓፉን በስፔሰር፣ በፓፉና በአፉ መካከል በሚያዝ ባዶ ዕቃ፣ ነው የሚስብ፤ ከታጣ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀድደው መሥራት እንደሚቻል ነርሶቹ ያሳዩሻል። መልስሽ «አዎ» ከሆነ ደብተሩን አትጠብቂ፤ በዚሁ ሳምንት ውሰጂው። «የለም» ከሆነ ግን ዛሬ ማታ ክፍሉ ገብተሽ ምን ላይ እንደሚተኛና እህሉ የት እንደተቀመጠ እይና ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።