ሰላጣ ሲከተፍ የሚቆጣ እጅ፣ ሲበላ የሚቀላ አፍ

እህቴ ከመራዊ፣ ሰላጣ ስትከትፊ ችፌ ያለበት እጅሽ እንደሚቆጣ፣ የ4 ዓመት ልጅሽም ሲበላ አፉ ዙሪያ እንደሚቀላ ጽፈሽ፣ ሰላጣ እንተው ወይ ብለሻል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

የሰላጣውን እግር ስትቆርጪ ነጭ ወተት ይወጣል። ሰላጣ ከኑግ፣ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር አንድ ዘር ነው፤ በወተቱ ያለው መራራ ነገር አንዳንድ ሰው ላይ የንክኪ አለርጂ ያመጣል። እሱ ግን ዘግይቶ፣ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ነው የሚወጣው። እየከተፍሽ እያለ የሚለበልብሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቃሪያው፣ ሎሚውና አቼቶው በተሰነጠቀው ቆዳ እየገቡ ነው። ሰላጣውን አቼቶ ውስጥ እጅ ነክሮ ማጠቡ ይቅርብሽ፤ የትል እንቁላል እንደሆነ በአቼቶ አይሞትም። የሚያጸዳው ቅጠሉን አንድ በአንድ ለይቶ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ማሸት ነው። ስስ የጥጥ ጓንት ከሥር፣ የፕላስቲክ ከላይ አድርጊ፤ የጥጡ ከረጠበ ቀይሪው፣ እርጥብ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል። ስትጨርሺ የልብስ ሳሙና ሳትነኪ ለብ ባለ ውሃ ታጥበሽ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን ተቀቢ።

የልጁን በተመለከተ፣ መቅላቱ ምግቡ በነካው ቦታ ብቻ ሆኖ ቶሎ ከጠፋ፣ ቲማቲሙና ሎሚው ቆዳውን አስቆጥተውት ነው እንጂ አለርጂ አይመስልም። ከመብላቱ በፊት አፉ ዙሪያ ቫዝሊን ቀቢው፣ ሲጨርስ አብሺለት። ቆዳው በተረጋጋበት ቀን ደግሞ ቅጠሉን ብቻ፣ ያለ ሎሚና ቲማቲም፣ ትንሽ ስጪው፤ ካልቀላ ነገሩ ከማጣፈጫው ነው።

ይህን ሙከራ ግን ሰላጣ በበላ በደቂቃዎች ውስጥ ወይም እስከ 2 ሰዓት ድረስ ሌላ ሰውነቱ ላይ ሳማ እንደነካው ያበጠበት፣ ያስታወከ ወይም ከንፈሩ ያበጠ ልጅ ላይ አትሞክሪ። ያ የእውነተኛው የምግብ አለርጂ ምልክት ነው፤ ሰላጣውን አቁመሽ ለሐኪም አሳዪው። ኮክ ከነልጣጩ ሲበላም እንደዚያው ከሆነ ንገሪያቸው፣ ሁለቱ የሚመሳሰል ፕሮቲን አላቸው። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከዛለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ችፌ ያለበት ሰው የደም ምርመራ ምግቡ ሳይጎዳውም «አለርጂ» ብሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ልጁም ችፌ ካለበት በምርመራው ወረቀት ብቻ ወተትና እንቁላል እንዳትከለክይው፤ ለሚያድግ ልጅ መከልከሉ ከችፌው የባሰ ጉዳት ሊኖረው ይችላል።