ዋሽንግተን ስለ ጠመንጃ ምን ብሎ ነበር? ጥያቄና መልስ

የፕሬዝዳንቶች ቀን በደረሰ ቁጥር አሜሪካ ውስጥ ሁለት ክርክር አብሮ ይጦፋል። አንዱ የትኛውን መሪ እናክብር የሚለው ነው። ሌላው የጠመንጃ ነገር ነው። ሁለቱ የሚገናኙት የትኛውም ወገን የሞቱ መሪዎችን ምስክር አድርጎ ስለሚጠራ ነው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንብቤያለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህ ቀን የማን ነው? አንዱ የዋሽንግተን ነው ይላል፣ አንዱ የሊንከንም ነው ይላል፣ ሌላው የሁሉም ነው ይላል።

መልስ፦ በፌዴራል ሕግ ስሙ ዛሬም የዋሽንግተን ልደት ነው። "የፕሬዝዳንቶች ቀን" የሕዝቡ፣ የነጋዴውና የአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች አጠራር ነው። ዋሽንግተን የተወለደው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ነው። ኮንግረስ በ1968 በዓላትን ወደ ሰኞ የሚያዛውር ሕግ አወጣ። ከ1971 ጀምሮም በዓሉ በፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ይከበራል። ሦስተኛ ሰኞ ከ15 እስከ 21 ባሉት ቀኖች ብቻ ነው የሚውለው። ስለዚህ የልደቱ በዓል በልደቱ ቀን አይውልም።

ከአከባበሩ ሁሉ እኔ የምወደው የሴኔቱን ነው። ከ1896 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ሴናተር ቆሞ የዋሽንግተንን የስንብት መልእክት ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ረጅም ነው፣ ያደክማል። ግን የሚነበበው ሙሉው ነው።

ጥያቄ፦ ወንድማችን፣ ስለ ጠመንጃ የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ ነገር ግራ ያጋባኛል። መብቱ የግለሰብ ነው ወይስ የሚሊሺያ? ደግሞስ የሁለት መቶ ዓመት ነገር ዛሬ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ በ1791 የጸደቀ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መጀመሪያው በሥርዓት የተደራጀ ሚሊሺያ ለነፃ አገር ደኅንነት አስፈላጊ ነው ይላል። ቀጥሎ የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት አይነካ ይላል። ክርክሩ የመጀመሪያው ግማሽ ሁለተኛውን ይገድበዋል ወይስ አይገድበውም የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሄለር ጉዳይ 5 ለ 4 ሆኖ መብቱ የግለሰብ ነው አለ። ሰው ራሱን ለመከላከል ቤቱ ሽጉጥ ማስቀመጥ ይችላል። ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ስካሊያ ግን እዚያው ላይ መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ ጽፏል። ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ፣ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃ መሣሪያ እንዳይገባ የሚከለክሉ ሕጎችን ፍርዱ እንደማይነካም አስቀምጧል።

ትልቁ ጥያቄ ሁለተኛው ነው። በ2022 ፍርድ ቤቱ በብሩን ጉዳይ አዲስ መለኪያ አወጣ። የዛሬ የመሣሪያ ሕግ እንዲጸና ሕጉ ከአገሪቱ የቆየ የመሣሪያ ቁጥጥር ልማድ ጋር እንደሚሄድ መንግሥት ማሳየት አለበት። ስለዚህ ጠበቆች የ1700ዎቹን ሕግ እያገላበጡ ነው የሚሟገቱት። በ2024 በራሂሚ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 ወሰነ። ለቅርብ ሰው አደገኛ ነው ተብሎ በቤት ውስጥ ጥቃት የእግድ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከል ይቻላል አለ። ያንንም መልስ የፈለጉት ከድሮ ሕግ ነው። እንግዲህ የድሮ ሰዎች ምን አሉ፣ ምን አደረጉ የሚለው የሻይ ቤት ወሬ አይደለም። ሰው ይታሰርበታል፣ ይፈታበታል። ቆርጦ ቀጥል ጥቅስ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ራሱ ሕዝቡ የገዛ መንግሥቱን ሳይቀር የሚመክትበት በቂ መሣሪያና ጥይት ይኑረው ብሏል። ፎቶው ላይ ተጽፎ ሁሉም ሰው ሲለጥፈው እያየን ለምን ትክዳላችሁ?

መልስ፦ አልካድኩም። አላለውም። ያለውን ልንገርህ። ጃንዋሪ 8 ቀን 1790 ለኮንግረስ የመጀመሪያውን ዓመታዊ ንግግሩን አደረገ። እዚያ ላይ ነፃ ሕዝብ መታጠቅ ብቻ ሳይሆን ሥልጠናና ሥርዓትም ሊኖረው ይገባል፣ ለዚህም ወጥ የሆነና በደንብ የታሰበበት ዕቅድ ያስፈልጋል አለ። ቀጠለና ሕዝቡ ለአስፈላጊ ነገሮች፣ በተለይ ለጦር ዕቃ፣ የሌሎች ጥገኛ እንዳይሆን ፋብሪካዎችን ያበረታታ አለ።

ፎቶው ላይ ያለው ጥቅስ እንዴት እንደተሠራ ተመልከት። "ነፃ ሕዝብ" እና "መታጠቅ" የሚሉት ከእውነተኛው ንግግር ተወሰዱ። ከሌሎች አገሮች የጦር ዕቃ ጥገኝነት ነፃ መውጣት የሚለው ከመንግሥት ነፃ ወደ መሆን ተጠመዘዘ። "የገዛ መንግሥታቸውን ጨምሮ" የሚለው ጨርሶ የለም። ሌላ ሰው ጨምሮበታል።

ተግባሩንም ካየን፣ በ1792 የወጣው የሚሊሺያ ሕግ ከ18 እስከ 45 ዓመት ያለ ጤነኛ ነጭ ወንድ ሁሉ በራሱ ወጪ ጠመንጃ፣ ሳንጃና ባሩድ ይዞ እንዲመዘገብ አዘዘ። የጠመንጃ መብት ደጋፊዎች ይህን ሲጠቅሱ እውነት አላቸው፤ የዚያ ዘመን ሰው መታጠቅን ግዴታው አድርጎ ነበር። በ1794 ደግሞ የምዕራብ ፔንሲልቬኒያ ገበሬዎች በውስኪ ቀረጥ የተነሳ መሣሪያ አነሱ። ዋሽንግተን ወደ 13,000 የሚጠጋ ሚሊሺያ ጠርቶ ራሱ በፈረስ ሆኖ ዘመተባቸው። መንግሥት ላይ መሣሪያ አንሱ ይል ነበር የተባለው ሰው ያደረገው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ጀፈርሰንስ? እሱ እንኳን የጠመንጃ ሰው ነበር።

መልስ፦ ነበር። በኦገስት 1785 ከፓሪስ ሆኖ ለእህቱ ልጅ ለፒተር ካር ደብዳቤ ጻፈለት። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነው። ምን አንብብ፣ እንዴት ኑር የሚል የአጎት ምክር ነው። ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ሲመጣ በእግርህ ስትሄድ ጠመንጃህ ሁልጊዜ አብሮህ ይሁን ይለዋል። በ1776 ለቨርጂኒያ ባረቀቀው ሕገ መንግሥት ላይም ነፃ ሰው መሣሪያ ከመጠቀም አይከልከል ብሎ ጽፎ ነበር። በሚቀጥለው ረቂቅ ላይ "በገዛ መሬቱ ወይም ይዞታው ውስጥ" የሚል በቅንፍ ጨመረበት። ያ አንቀጽ በጸደቀው ሕግ ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደ ኦክቶበር 4 ቀን 1824 እንሂድ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ተሰብስቧል። ጀፈርሰን አለ። ሁለተኛውን ማሻሻያ ያረቀቀው ጄምስ ማዲሰንም አለ። በዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ለተማሪዎች ደንብ ወጣ። ማንም ተማሪ በግቢው ውስጥ መጠጥ አያስገባ፣ ምንም ዓይነት መሣሪያ ወይም ባሩድ አይያዝ፣ አይጠቀም ይላል። የጠመንጃ ምክሩን የጻፈውም፣ ማሻሻያውን ያረቀቀውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነው።

እኔ እዚህ ላይ ተቃርኖ አይታየኝም። በገጠር መንገድ ለሚሄድ የ15 ዓመት ልጅ አንድ ነገር መከረ፤ ወጣቶች ተጨናንቀው ለሚኖሩበት ግቢ ሌላ ደንብ አወጣ። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚደብቅ ሰው ግን ጀፈርሰንን አላከበረውም።

ጥያቄ፦ ጀፈርሰን ባሪያ አሳዳሪ ነው። የእሱን ቃል ለምን እንስማ? ሐውልቱስ ይነሳ አይልም?

መልስ፦ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብዬ አላልፈውም። በዕድሜ ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት የስብሰባ አዳራሽ የነበረው ሐውልቱ በ2021 ተነስቷል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አገር ለመበታተንና ባርነትን ለማቆየት የተዋጉትን የደቡብ ጦር መሪዎቹን የእነ ጄኔራል ሊን ሐውልት ማንሳት ተገቢ ነበር፤ ያ ሐውልት የቆመው ለዚያው ሥራቸው ነው። የጀፈርሰን ይቁም፤ ነገር ግን ከሥሩ ሙሉው ታሪክ ይጻፍ። የማይስማማኝ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ምክንያታቸውንም አከብራለሁ።

ወደ ጠመንጃው ስንመለስ ያንተ ጥያቄ ከባድ ነገር ይነካል። የሚሊሺያ ሕጉ "ነጭ" የሚለውን ቃል በግልጽ ጽፎታል። በ1857 ነፃነቱን ለማግኘት በከሰሰው ባሪያ በድሬድ ስኮት ፍርድ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ቶኒ ጥቁሮች ዜጋ ናቸው ቢባል በሄዱበት ሁሉ መሣሪያ መያዝ ሊችሉ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ያ ለእሱ የሚያስፈራ ነገር ነበር። የቆየ ልማድ ሲባል የማን ልማድ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሬገን የጠመንጃ ወዳጅ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ወግ አጥባቂዎቹ በስሙ ይምላሉ።

መልስ፦ በ1983 በሥልጣን ላይ እያለ በብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ጉባኤ የተናገረ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ነው። ይህ እውነት ነው። ግን በ1967 የካሊፎርኒያ ገዥ ሳለ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝን የሚከለክለውን የሙልፎርድ ሕግ የፈረመው እሱ ነው። ሕጉ የታለመው ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች ድርጅት አባላት ታጥቀው በሚያደርጉት ቅኝት ላይ ነበር። ረቂቁን ለመቃወም ጠመንጃቸውን ይዘው ሳክራሜንቶ ምክር ቤት ድረስ ገብተው ነበር።

ማርች 30 ቀን 1981 ዋሽንግተን ውስጥ ከሆቴል ሲወጣ በጥይት ተመታ። ቃል አቀባዩ ጄምስ ብሬዲ ጭንቅላቱን ተመትቶ ዕድሜ ልኩን አካል ጉዳተኛ ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ሬገን በጋዜጣ ላይ ጽሑፍ አውጥቶ ለሽጉጥ ግዢ የጥበቃ ጊዜ የሚጠይቀውን የብሬዲን ረቂቅ ደገፈ። ክሊንተን ረቂቁን በ1993 ፈርሞ ሕግ አደረገው። በ1994 ሬገን ከፎርድና ከካርተር ጋር ሆኖ አንዳንድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች እንዲታገዱ ለምክር ቤቱ አባላት ደብዳቤ ጻፈ። ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው 216 ለ 214 ነው። እገዳው በ2004 ጊዜው አልቆ ቀረ። ዋይት ሐውስ ጋዜጠኞች መግለጫ የሚሰሙበት ክፍል ዛሬ በብሬዲ ስም ይጠራል።

ጥያቄ፦ አራት ፕሬዝዳንት በጥይት ተገድሎ ሕጉ እንዴት አልጠበቀም?

መልስ፦ ሊንከን በ1865፣ ጋርፊልድ በ1881፣ ማኪንሊ በ1901፣ ኬኔዲ በ1963። ከኬኔዲ በፊት የተቀየረው ጠመንጃው ሳይሆን ጥበቃው ነው፤ ሲክሬት ሰርቪስ ፕሬዝዳንቱን በቋሚነት መጠበቅ የጀመረው ከማኪንሊ በኋላ ነው። ኬኔዲን የገደለው ጠመንጃ ደግሞ በሐሰት ስም፣ ከመጽሔት ላይ በተቆረጠ ኩፖን፣ በፖስታ የታዘዘ ነበር። ዋጋው ከነመነጽሩ 19.95 ዶላር፣ ከነመላኪያው 21.45።

ክብሩ ፈጣን ነበር። በወሩ የኒውዮርኩ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ተጠራ። በማርች 1964 ምስሉ ያለበት የግማሽ ዶላር ሳንቲም ወጣ። ጠመንጃ በፖስታ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት መላክን ያገደው ሕግ ግን የተፈረመው በኦክቶበር 1968 ነው። ከዚያ በፊት ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ መገደል ነበረባቸው። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ባንዲራው ዝቅ ብሎ ሳይ የትኛው መሪ አረፈ እላለሁ። ልጆቹ ደግሞ የለም፣ ተኩስ ነበር ይሉኛል። እንዲህ ነው እንዴ?

መልስ፦ አዎ እማማ፣ ልክ ናቸው። ፕሬዝዳንት ወይም የቀድሞ ፕሬዝዳንት ሲሞት ባንዲራው 30 ቀን ዝቅ ይላል። ካርተር ዲሴምበር 29 ቀን 2024 ሲያርፉ 30ው ቀን የትራምፕን በዓለ ሲመት ያካትት ስለነበር ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ለዚያ ቀን ከፍ ተደረገ። ፕሬዝዳንቱ በሌላ ሐዘንም ማዘዝ ይችላል። በሜይ 2022 ቴክሳስ ዩቫልዲ ውስጥ 19 ሕፃናትና ሁለት አስተማሪዎች ሲገደሉ ባንዲራው ዝቅ ብሏል። ለመሪ የሚደረገው ክብር ለእነዚያ ልጆች መደረጉ ደግ ነገር ነው። በቀጣዩ ወር፣ ጁን 25፣ ሁለቱም ፓርቲዎች የተስማሙበት ሕግ ተፈረመ፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ገዢ የልጅነት መዝገቡ ጭምር እንዲታይ አደረገ። የብሩን ፍርድ የተሰጠው ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ አለኝ። ሽጉጥ መግዛት እችላለሁ?

መልስ፦ በፌዴራል ሕግ ቋሚ ነዋሪ መግዛት ይችላል። ነጋዴው ጋ ፎርም 4473 ትሞላለህ፣ ከዚያ የኤፍቢአይ ማጣሪያ አለ። ፎርሙ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው አይችልም፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለም ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር አይችልም። የክፍለ ግዛትህን ሕግ ለብቻው እይ። በተለይ ቨርጂኒያ የምትኖሩ ተጠንቀቁ፤ የቨርጂኒያ ሽጉጥ የመያዣ ፈቃድ ዲሲ ውስጥ አይሠራም። ሽጉጥ ይዛችሁ ድልድዩን ስትሻገሩ ወንጀል ይሆናል።

ጥያቄ፦ የጥቅሱን እውነት ከሐሰት እኛ እንዴት እንለይ?

መልስ፦ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በስንት ቀን ተጻፈ፣ ለማን ተጻፈ፣ ሙሉው የት አለ? መልስ ከሌለው አትለጥፉት። የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ፋውንደርስ ኦንላይን የዋሽንግተንን፣ የጀፈርሰንን፣ የማዲሰንንና የሌሎችንም ወረቀት በነፃ ያስነብባል። የጥቅሱን ሁለት ሦስት ቃል አስገብታችሁ ፈልጉ። የማውንት ቨርነን (የዋሽንግተን መኖሪያ) እና የሞንቲቼሎ (የጀፈርሰን መኖሪያ) ድረ ገጾችም በሐሰት የተለጠፉባቸውን ጥቅሶች ዘርዝረዋል። የፒተር ካር ደብዳቤም እዚያው ፋውንደርስ ኦንላይን ላይ አለ፤ በኦገስት 19 ቀን 1785 ፈልጉት።