ይህን ሊንክ ዜናው ውስጥ ማን አስገባው? ጥያቄና መልስ

በዜና ድረ ገጾች ውስጥ ተሸሽገው ስለሚገቡ የተከፈለባቸው ሊንኮች ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ ጥያቄዎች ቀርበውልኛል። በድረ ገጽ ጥገና ሥራ ላይ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ በሥራዬ ያየሁትን መሠረት አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (መምህር፣ መሐል ሜዳ)፦ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ዜና ውስጥ ሊንክ የሚያስገቡት አንባቢ እንዲጫነው ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው አንባቢው ሳይሆን ጎግል ነው። ጎግል በ1998 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ከሌሎች የተለየበት ዋናው ሐሳብ፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚመራ ሊንክ እንደ ምስክርነት ይቆጠራል፣ ታማኝ ከሆነ ገጽ የመጣ ምስክርነት ደግሞ የበለጠ ይመዝናል የሚል ነበር። ዛሬ ከዚህ ሌላ ብዙ መመዘኛ ቢጨመርም ሊንክ ዋጋውን አላጣም። ስለዚህ የራሱ ስም የሌለው የውርርድ ወይም የብድር ድረ ገጽ፣ ጋዜጣው በብዙ ዓመት ድካም ያፈራውን አመኔታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገዛል። በሽምግልና ላይ ቃሉ የሚከበር ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ለማያውቀው ሰው ቢመሰክር እንደ ማለት ነው።

ጥያቄ (የአትክልት ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት)፦ አንድን ሊንክ አጠራጣሪ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

መልስ፦ በእርስዎ ሥራ ዙሪያ ያጋጠመኝን ልንገርዎት። ስሙን በማልጠቅሰው ድረ ገጽ ላይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የተጻፈ ዜና ሳነብ፣ የጭነት ክፍያ መጨመሩን ከሚገልጸው አንቀጽ ቀጥሎ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦ «አርሶ አደሮችም ገቢያቸውን ለማሳደግ ምርጥ የኦንላይን ውርርድ ድረ ገጾች ማወቅ ለእነሱ ጠቃሚ ይሆናል።» «ምርጥ የኦንላይን ውርርድ ድረ ገጾች» የሚሉት ቃላት በሰማያዊ ቀለም ተጽፈው ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አውጥቼ ከፊትና ከኋላ ያሉትን አንቀጾች ባያይዛቸው ዜናው አንዳች አልጎደለበትም፤ እንዲያውም ሐሳቡ ተስተካከለ።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማደርገው ፈተና ይህ ነው። እውነተኛ ምንጭ ለማሳየት የገባ ሊንክ ቢወጣ ዜናው ማስረጃውን ያጣል፤ የተሸጠ ሊንክ ቢወጣ ግን ዜናው ይድናል። ሁለተኛው ምልክት ሊንኩ ያረፈባቸው ቃላት ናቸው። ጋዜጠኛ ሊንኩን የሚያኖረው «ሚኒስቴሩ ባወጣው መግለጫ» በሚል ዓይነት አነጋገር ላይ ሲሆን፣ ሊንክ ገዢው ግን ሰዎች ጎግል ላይ የሚፈልጉትን የገበያ ሐረግ እንዳለ ያስቀምጣል። ሦስተኛው ደግሞ ለእኛ አንባቢዎች ትልቅ እገዛ ነው፤ ገዢው ብዙ ጊዜ አማርኛ ስለማያውቅ ዓረፍተ ነገሩን በማሽን ያስተረጉመዋል፤ በመሆኑም ከላይ እንዳየነው «ድረ ገጾች ማወቅ ለእነሱ ጠቃሚ ይሆናል» የመሰለ፣ ጋዜጠኛው በሌላው አንቀጽ ፈጽሞ የማይጽፈው አነጋገር ይታያል። ጆሮዎን ይመኑት።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ኮምፒውተር የለኝም። በስልክ ሊንኩ ወዴት እንደሚወስድ ሳልጫነው ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ትችላለህ። ሊንኩን ነካ አድርገህ ከመልቀቅ ይልቅ ጣትህን ለጥቂት ሰከንድ አቆየው፤ አድራሻው ከአማራጮች ጋር ይወጣልሃል። ተቆርጦ ከታየህ ቅዳውና ማስታወሻ ላይ ለጥፈው። ቀጥሎም ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያለውን ስም ከቀኝ ወደ ግራ አንብብ፤ የድረ ገጹ ባለቤት የሚታወቀው በዚያ ስም መጨረሻ ላይ ነው፣ ከፊት የታወቀ ባንክ ስም ቢለጠፍበትም እንኳ። አድራሻው በማሳጠሪያ አገልግሎት እንዲያጥር የተደረገ ከሆነ መድረሻውን አያሳይህም፤ በዜና ውስጥ ምንጭን እንዲህ ባጠረ አድራሻ ማመልከት ምክንያት ስለሌለው እኔ አልጫነውም።

ጥያቄ (የቤት እመቤት፣ ደብረ ሲና)፦ ድረ ገጹ በአድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ካለው አያስተማምንም?

መልስ፦ አያስተማምንም፣ እኅቴ። ምልክቱ በስልክዎና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈውን ሌላ ሰው እንዳያነበው መመስጠሩን ብቻ ይነግርዎታል፤ አጭበርባሪም ያንን ያገኛል።

ጥያቄ (ጀማሪ ጋዜጠኛ፣ ደብረ ብርሃን)፦ አነስተኛ ድረ ገጾች ገቢ ያስፈልጋቸዋል። ክፍያ መቀበላችን ጥፋት ነው?

መልስ፦ ክፍያው ጥፋት አይደለም፤ መደበቁ ነው ጥፋቱ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት ተለይቶ እንዲታወቅ ይፈልጋል። በቴክኒኩም በኩል መንገዱ ክፍት ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. «ኖፎሎው»፣ በ2019 ደግሞ «ስፖንሰርድ» የተባሉ መለያዎች የወጡት፣ ሊንኩ እንደ ምስክርነት እንዳይቆጠር በኮዱ ውስጥ ለማመልከት ነው። ገጹን በኮምፒውተር የሚመረምር አንባቢም ሊንኩ ላይ በቀኝ ተጭኖ ኮዱን በመክፈት መለያው መኖር አለመኖሩን ማየት ይችላል። መለያው አለመኖሩ ብቻውን ወንጀል አያረጋግጥም፣ የተለመደ የምንጭ ሊንክም የለውምና።

ችላ ማለት ዋጋ እንደሚያስከፍልም ልንገርህ። በፌብሩዋሪ 2013 የእንግሊዙ የአበባ ሻጭ ኢንተርፍሎራ ከጎግል ውጤቶች ለቀናት ጠፍቶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ጎግል ዜና መስለው ስለሚወጡ የተከፈለባቸው ጽሑፎችና ሊንኮች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከሜይ 2024 ጀምሮም ስማቸውን ለሌላ ወገን ይዘት የሚያከራዩ ድረ ገጾችን በደንቡ ይቀጣል። ጋዜጣህ ከፍለጋ ውጤት ቢወጣ የሚጎዳው የከተማውን ዜና ከአንተ የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ጥያቄ (ጡረተኛ፣ ደብረ ብርሃን)፦ በቆየ ዜና ውስጥ የቁማር ሊንክ አገኘሁ። ጸሐፊው ሸጦ ነው ልበል?

መልስ፦ አባቴ፣ ለመፍረድ አይቸኩሉ። ሦስት መንገድ አለ። ዜናው ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ከፍሎ ያስጨመረው ሊሆን ይችላል፤ ድረ ገጹ በሰርጎ ገቦች ተሰብሮ የገባ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጸሐፊው በቅንነት የጠቀሰው ድርጅት የአድራሻውን ክፍያ ባለማደሱ ሌላ ሰው ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ለመለየት ዌይባክ ማሽን በተባለው የድሮ ገጾች ማኅደር ላይ የዜናውን አድራሻ ያስገቡ። ቅጂው ከተገኘ፣ ዓረፍተ ነገሩ በመጀመሪያው ቅጂ ከሌለ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም አድራሻውም እዚያው ካሉ የሊንኩ አድራሻ የቀድሞ ገጽታ ምን እንደነበር ይመልከቱ።

ካረጋገጡ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጠው፣ የዜናውን አድራሻና ያዩበትን ቀን ጨምረው ለአዘጋጁ ይላኩለት። ሊንኩን ግን ለሌሎች አያጋሩ፤ ለማስጠንቀቅ ብለው የላኩትን የሚጫን ሰው አይጠፋም።