ረጅም መስመር ወይስ አጭር? ለአዲስ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥያቄና መልስ

ስለ ራሴ በአጭሩ ልናገር። ሁለት ዓመት በረዳትነት ከሠራሁ በኋላ መሪ የጨበጥሁት በአሰብ መስመር ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመርና አሰብ ሲዘጋብን ወደ ጅቡቲ ዞርን፤ መንዳት እስካቆምሁበት ጊዜ ድረስም የሠራሁት በዚያው ነው። የምችለውን እመልሳለሁ። ጥያቄያችሁ ግን ቁርጥ ያለ ይሁን።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ወሬ ነው። ሁለት ሥራ ቀርቦልኛል። አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ በሲኖትራክ አሸዋና ገረጋንቲ ማመላለስ ነው። ሌላው የጅቡቲ መስመር ነው፣ ባለተሳቢ። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ልጄ፣ ርቀቱን ከመጠየቅህ በፊት አከፋፈሉን ጠይቅ። በወር ደመወዝ ነው ወይስ በምልልስ? ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የጠራው መኪናው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በምልልስ የሚከፈለው ሾፌር አንድ ዙር ለመጨመር እንቅልፉን ይሸጣል፤ በጠባብ የሰፈር መንገድ ላይ ልጆች እየተሻገሩ እሱ ሰዓት ይቆጥራል። አዲስ ሾፌር በዚህ ውል ውስጥ ገብቶ ሲበላሽ ብዙ አይቻለሁ። በምልልስ አትዋዋል።

ጅቡቲም ቢሆን ለአራት ወር ሾፌር ብቻውን የሚሄድበት መንገድ አይደለም። ከሁለቱ የሚሻል ሦስተኛ ሥራ ፈልግ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር አንስቶ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላሉ መጋዘኖች ማድረስ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተሳቢን ወደ ኋላ ማስገባት የምትማረው እዚያ ነው፤ ጠባብ ግቢ በቀን ሁለት ጊዜ ይፈትንሃል። ማታ ደግሞ ቤትህ ታድራለህ። አንድ ዓመት እንደዚህ ሥራ፣ ከዚያ ከበሰለ ሾፌር ጋር ወደ በረሃው ውረድ።

ከሐዋሳ፦ የጅቡቲ መስመር ደመወዝ ስንት ነው?

መልስ፦ ከባለንብረት ባለንብረት ይለያያል። ቁጥር አልጠራም።

ከወልዲያ፦ ሙቀቱ ለመኪናው ያስቸግራል ይላሉ። ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅህ አመሰግናለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስተህ አዋሽን፣ ሚሌን፣ ሰመራን አልፈህ፣ በጋላፊ ድንበሩን ተሻግረህ ባሕር ዳርቻ ትደርሳለህ። ጎማህ በአዲስ አበባ ብርድ ተነፍቶ በአፋር አስፋልት ላይ ይጋገራል።

የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት ከመነሳትህ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ቀትር ላይ ብትለካው ከልኩ በላይ ወጥቶ ታገኘዋለህ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ትኩስ ጎማ አታስተንፍስ! እኔ በጀማሪነቴ ሚሌ አጠገብ ደንግጬ አስተነፈስሁ። ማታ ሲበርድ ጎማው ልል ሆነ። ልል ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይሞቃል፤ በማግስቱ ፈነዳ፣ እኔም ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ቆምሁ።

ከኋላ ያሉትን ጥንድ ጎማዎች በዓይን ብቻ አትመን። አንዱ ተንፍሶ ሌላው ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞት ሳታውቅ መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ፤ ሁለቱ ሲፋተጉ እሳት ይነሳል። በቆምህ ቁጥር በብረት ምታቸው፤ ድምፃቸው ይለያል። በመካከላቸው የተቀረቀረ ድንጋይ ካለ አውጣ።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተህ አትንሸራተት። ከመውረድህ በፊት ማርሽ ቀንስ፣ የሞተር ፍሬን ተጠቀም። የእግር ፍሬንን ያለማቋረጥ ከረገጥኸው ይግላል፤ የጋለ ፍሬን መያዝ ያቆማል።

ከድሬዳዋ፦ ለምን ሁሉም ጋላፊ ጋላፊ ይላል? በደወሌ ድንበር በኩል ያለው መንገድ አጭር ነው።

ከሎጊያ፦ ወንድሜ፣ በደወሌ ከባድ ጭነት ይዘህ ወጥተህ ታውቃለህ? መንገዱን ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

ከድሬዳዋ፦ ተወልጄ ያደግሁበት መንገድ ነው። እናንተ በጋላፊ መንገድ ያላችሁ ሰው እንዲያልፍባችሁ የምትፈልጉት ለሆቴሎቻችሁ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉ። ሾፌር መንገድ የሚመርጠው እንደ ጭነቱና እንደ ሰነዱ ነው፤ አዲስ ሾፌር ደግሞ ጨርሶ አይመርጥም፣ ይነገረዋል።

ከደሴ፦ ባቡሩ ሥራውን አይወስድብንም?

መልስ፦ ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል፤ የጅቡቲ መስመር መኪናም እስካሁን አለ። ባቡር ያወረደውን ከጣቢያ ወደ መጋዘን የሚያደርሰው መኪና ነው። እሱም አጭር መስመር ነው።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ እና የቱ ይሻላል? ረጅሙ ወይስ አጭሩ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ። ዕድሜህን፣ ልምድህን፣ ትዳር እንዳለህ ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ከጅማ፦ ሌሊት ለመንቃት ጫት የሚቅሙ አሉ። ያለ እሱ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። እንቅልፍ ከመጣ መኪናህን አቁመህ ተኛ። ባለንብረቱ ከተቆጣ ይቆጣ።

ከደብረ ብርሃን፦ ሴት ነኝ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ረጅም መስመር ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ መሪው አያስቸግርሽም። የሚያስቸግረው ማደሪያውና መታጠቢያው ነው፤ በየማረፊያው ለሴት የተዘጋጀ ቦታ ጥቂት ነው፤ ይህ ሊያሳፍረን ይገባል። የምትቀጠሪበትን ባለንብረት «የት ነው የማድረው?» ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጠሽ ሌላ ፈልጊ። ደግሞ ለአንቺም ለሌሎቹም፦ የማታውቁትን ሰው ዕቃ በ«አድርስልኝ» አትጫኑ። ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ ሲገኝ የሚታሰረው መሪ የያዘው ነው።

ከሻሸመኔ፦ የመንገዱ ሰላም እንዴት ነው?

መልስ፦ ዛሬ የምነግርህ ለነገ አይሆንም። ከመነሳትህ በፊት ከዚያ በኩል የመጣ ሾፌር ጠይቅ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ በምክርዎ መሠረት የሞጆ ሥራ አገኘሁ፣ በወር ደመወዝ። ባለንብረቱ ግን «ውል አያስፈልግም፣ እንተማመናለን» አለኝ።

መልስ፦ ወር ደመወዝ መሆኑ ጥሩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ግን ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥህ ያስገድደዋል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የጡረታውንም ጠይቅ፤ ከአንተ 7 በመቶ፣ ከእሱ 11 በመቶ ነው። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ስንት ዓመት ነዳሁ። በትሕትና ጠይቀው፤ አሻፈረኝ ካለ ቁልፉን አትቀበል። ከሰጠህ ደግሞ ነገ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካና ምን ያህል እንደሆነ እዚሁ ንገረኝ።