ባትሪ ሞቶ ከተነሳ በኋላ መኪናህ ካስቸገረህ፣ ኮምፒውተር ከመቀየርህ በፊት ለካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የቶዮታ ቪትዝህ መብራት ሳይጠፋ አድሮ ባትሪው ሞተ። ጎረቤት በካቦ አስነሳልህ። ከዚያ ወዲህ ቴፑ አይሠራም፤ የሾፌሩ መስኮት አንዴ ሲጫኑት ራሱ መዘጋቱን ትቷል፤ ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል፤ የባትሪ ምልክቷም ዳሽቦርድ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጋራዥ ስትወስደው ደግሞ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አሉህ፤ ሞተሩን የሚቆጣጠረውን ማለታቸው ነው። እባክህ ገና ብር እንዳታወጣ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እንዳንተ ያለ መኪና ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ቀላል ነገር ነው። ወይ ባትሪው ገና አልሞላም፣ ወይ ካቦው በደንብ አልያዘም፣ ወይ መኪናው የለመደውን ረስቷል፣ ወይ ሲነሳ ፊውዝ ተቃጥሏል። ኮምፒውተር የሚጠረጠረው እነዚህ ሁሉ ከተጣሩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጎረቤትህን አንድ ነገር ጠይቀው። በምን መኪና ነው ያስነሳልህ? ካቦውን ሲያገናኝ ትልቅ ብልጭታ ነበር? ይህን የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። አይሱዙና ሌሎች የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮላቸው 24 ቮልት ነው የሚሠሩት። የቤት መኪና 12 ነው። በ24 የተነሳ ቪትዝ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ ያኔ እውነትም ኮምፒውተር ሊጎዳ ይችላል። ከቤት መኪና ከሆነና ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ከተያዘ ግን ተረጋጋ። ተገላብጦ ተይዞ ከነበረ መጀመሪያ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው አጠገብ ያለው ዋናው ፊውዝ ነው። እሱም የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ሌላውን ለማዳን።

አሁን ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ግዛ ወይም ተዋስ። ርካሹም ይበቃል። በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገህ ጠዋት መኪናውን ሳታስነሳ የባትሪውን ሁለት እርሳስ (ካቦው የሚታሰርባቸውን ጫፎች) ለካ። 12.6 አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ከመመርመርህ በፊት ቻርጅ ይደረግ። ቀጥሎ ሰው ቁልፍ ያዙርልህና ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ቁጥሩን እያየህ ጠብቅ። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አቅም አጥቷል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ትልቁን መብራትና የአየር ማራገቢያውን አብርተህ ድገመው። 12.3 ላይ ቆሞ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) አይሞላም ማለት ነው። ከ15 ካለፈ ደግሞ የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚገድበው) ተበላሽቷል፤ እንዲህ ያለው ባትሪውን ያፈላዋል፣ አምፖልም ይጨርሳል።

አንድ ነገር አስምርበት። ዲናሞ የሞተ ባትሪ እንዲሞላ አልተሠራም። ባዶ ባትሪ ይዘህ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የምትውል ከሆነ ዲናሞው ያለ እረፍት ይጨነቃል፣ ውስጡ ያለው ዳዮድ ሊቃጠል ይችላል። በተለይ በአዲስ አበባ መጨናነቅ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) እየሠራ መብራትና ቬንትሌተር በርተው፣ ባትሪው በደንብ አይሞላም። ባትሪ ቤት ወስደህ በቀስታ ይሙላልህ። 40 አምፔር-ሰዓት ለሆነ ባትሪ 4 አምፔር አካባቢ ላይ ሌሊቱን ቢያድር ጥሩ ነው። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃው ከጎደለ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመርበት። አሲድ እንዲጨምሩልህ አትፍቀድ።

የባትሪ ምልክቷ ብልጭ ድርግም ማለቷ ለእኔ ብዙ ነገር ይናገራል። ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ ወይም ዲናሞው ጨርሶ ቢሞት ምልክቷ በርታ ትቀር ነበር። የምትመጣና የምትሄድ ከሆነ የላላ ነገር አለ። ስለዚህ የ10 ቁልፍ ያዝና ኮፋኖውን ክፈት። የካቦውን ጫፍ ባትሪው ላይ እንዳለ በእጅህ አዙረው። ትንሽ እንኳ ከዞረ አልተጠበቀም። በካቦ ሲያስነሱ ፒንሳው እየተጎተተ ማላላቱ የተለመደ ነው። ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፍታ፣ ሲገጠም ደግሞ መጨረሻ ይሁን። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካየህ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠበው። የእርሳሱን ዙሪያና የካቦውን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትገው። ከላይ ንጹህ መስሎ ውስጡ ጥቁር የሆነ ስንት አይቻለሁ።

ኔጋቲቩን ካቦ እስከ መጨረሻው ተከተለው። አንዱ ጫፍ ቦዲው ላይ፣ ሌላው ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ላይ ይታሰራል። ማሳ የምንለው እሱን ነው። አንድ ኮሮላ ሲነሳ የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ አብሮ ይደንስ ነበር። ባለቤቱ ኮምፒውተር እንዲቀየር ዋጋ ተነግሮት ነው ወደ እኔ የመጣው። የማሳው ካቦ ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም። ፕላስቲኩን በጣቴ ስጫነው ግን እንደ ደረቀ እንጀራ ተንኮሻኮሸ። ስሰነጥቀው ሽቦው አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ የቀሩት ጥቂት ክሮች ናቸው። ካቦው ተቀየረ፣ መኪናው ዳነ። አንተም ይህን በቴስተር ማየት ትችላለህ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርግና ሰው ያስነሳልህ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው አይረባም።

ቴፑን በተመለከተ፣ የጣሪያው መብራትና ሰዓቱም አብረው ጠፍተዋል? ከሆነ ፊውዝ ነው። በብዙ ቶዮታ ላይ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ «ዶም» (DOME) ተብሎ የተጻፈው የጣሪያ መብራቱን፣ ሰዓቱንና የቴፑን ትውስታ ይይዛል። የተቃጠለውን በዚያው አምፔር ቀይረው። በሽቦ አትቀጥለው፣ መኪና የሚያቃጥለው እሱ ነው። ቴፑ እየበራ በጃፓንኛ ጽሑፍ ከቆመ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከጃፓን የመጡ ናቪጌሽን ያላቸው ቴፖች ብዙዎቹ ባትሪ ሲቋረጥ ይቆለፋሉ፤ የካርታውን ሚሞሪ ካርድ ወይም ኮድ ይጠይቃሉ። አልተበላሸም፣ ተቆልፎ ነው። ካርዱን አውጥተህ የሆነ ቦታ አስቀምጠህ እንደሆነ ፈልገው።

ሞተሩ የሚጠፋው ደግሞ ለምን መሰለህ? ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው) በጊዜ ብዛት በካርቦን ይቆሽሻል። ኮምፒውተሩ ቀስ በቀስ አየሩን እያስተካከለ ችግሩን ይሸፍነዋል። ባትሪ ሲሞት ያ ሁሉ ማስተካከያ ይጠፋል፤ ሚኒሞው ይወርዳል። ትሮትሉን በክሊነር አስጠርግ። ከዚያ ኤሲ ሳትከፍት አስነሳና የራዲያተሩ ፋን እስኪሠራ ጠብቅ። ቀጥሎ መብራትና ኤሲ ከፍተህ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። ለመስኮቱ ሞተሩን አስነስተህ እስከ ታች አውርደው፣ ከዚያ ዝጋውና ከተዘጋ በኋላም ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ሳትለቅ ያዝ።

አሁን የምር የሚያሳስበኝን ልንገርህ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ካቦ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል ሰው ካጋጠመህ እጁን ያዘው! በድሮ መኪና ጉዳት ሳያደርስ ያለፈ ይሆናል። የዛሬ መኪና ላይ ካቦው ሲነቀል የዲናሞው ቮልቴጅ በቅጽበት ይተኮሳል፣ ደህናውን ኮምፒውተር የሚያቃጥለው ይህ ነው። ሁለት ቁጥር በቴስተር ማንበብ እያለ ለምን? ሲያስነሱልህም ቀዩ መጀመሪያ ያንተ ፖዘቲቭ ላይ፣ ከዚያ የሌላው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ የሌላው ኔጋቲቭ ላይ፣ የመጨረሻው ጥቁር ደግሞ ባትሪህ ላይ ሳይሆን ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ ይያዝ። ባትሪ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፤ ብልጭታው አጠገቡ መሆን የለበትም።

(ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ይህ ይመለከታችኋል። የእናንተም መኪና አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም።)

ሁሉ ተስተካክሎ መብራት ሳታበራ ባትሪው በድጋሚ አድሮ ከሞተ ኃይል የሚሰርቅበት ነገር አለ። መጀመሪያ የምጠረጥረው በኋላ የተገጠመ አላርምና ጂፒኤስ ነው። መኪናው ከተቆለፈ ግማሽ ሰዓት በኋላ የሚወስደው ከ50 ሚሊ አምፔር ባይበልጥ ደህና ነው። ይህን የሚለካ ሰው ፈልግ፤ አምፔር መለኪያው በመሃል ተገጥሞ ማስነሳት ቴስተሩን ያቃጥለዋልና።

ነገ ጠዋት ሦስት ቁጥር ጻፍልኝ፤ ሳይነሳ፣ ሲነሳ፣ መብራት በርቶ ሲሠራ። የማሳውን ጫፍም ፎቶ አንሳና ላክ። ባትሪው ይሁን ዲናሞው ወይም ካቦው ያኔ እነግርሃለሁ።