3-ኤም ኤም ሲ ምን ያደርጋል? ፋርማሲስቱ ይመልሳል

ጥያቄ፦ አምስተርዳም የሚማረው ልጄ 3-ኤም ኤም ሲ ከጫት የሚወጣ የተፈጥሮ ነገር ነው አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እናቴ፣ ሰው ሠራሽ የአነቃቂ ዕፅ ዱቄት ነው። ከጫት ጋር የሚያዛምደው የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው፤ ጫት ውስጥ ያለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖንን፣ ይመስላል። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ነጋዴው ጫቱን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ የሚጣደፈውም ለዚህ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ንጥረ ነገሩን የሚያገኘው በሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። በአፍንጫ የተሳበ ዱቄት ግን በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ይህን ስል ጫት አይጎዳም ማለቴ አይደለም።

ጥያቄ፦ አንጎል ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ዶፓሚን፣ ኖራድሬናሊንና ሴሮቶኒን የተባሉ የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካሎች በነርቭ ሕዋሳት መካከል ከልክ በላይ እንዲከማቹ ያደርጋል። ደስታውና ድፍረቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የልብ ምትና የደም ግፊት መጨመሩም እንዲሁ። ስሜቱ ቶሎ ስለሚጠፋ ሰውየው ወዲያው ሌላ ይጨምራል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ልቡ ከመጀመሪያው ሳያገግም ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደራረብበታል።

ጥያቄ፦ ለዓመታት በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ ነበር። አደገኛ ቢሆን ይፈቀድ ነበር?

መልስ፦ የፈቀደው አካል አልነበረም፤ ሕጉ ገና ስላልደረሰበት ነው። ቅርብ ዘመዱ ሜፌድሮን እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓ ሲታገድ፣ በሞለኪውሉ ላይ ሜቲል የተባለች የአንዲት ትንሽ የአቶሞች ስብስብ ቦታ ብቻ የተቀየረበት ይህ ዱቄት ተተካ። በ2012 ስዊድን ውስጥ ታየ፤ ኔዘርላንድስ በ2021 አገደችው፤ በ2023 በተባበሩት መንግሥታት የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ገባ። በሰው ላይ የተደረገው ጥናት እጅግ ጥቂት ነው። የዕለት ተዕለት ተጠቃሚውን ልብና አእምሮ ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚያደርግ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርህ አይችልም።

ጥያቄ፦ ለድብርት ፍሉኦክሰቲን እወስዳለሁ። 3-ኤም ኤም ሲ ለመውሰድ ብዬ ለጥቂት ቀናት ባቋርጠውስ?

መልስ፦ እባክህ እንዳታደርገው! ፍሉኦክሰቲን ከተቋረጠ በኋላም ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ሁለቱ ሲገናኙ ሴሮቶኒን ከመጠን ሊያልፍ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገታተር፣ ከፍተኛ ትኩሳትና መቃዠት ይከተላል፤ ይገድላልም። ድብርትህም ያለ መድኃኒት ይቀራል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ወስዶ ቢታመም ምን እናድርግ?

መልስ፦ ደረቱን ካመመው፣ ሰውነቱ ከጋለ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከቃዠ ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሱት። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሞች የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጡታል፣ ሰውነቱን ያቀዘቅዛሉ። ምን እንደወሰደ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ የተለመደው የሽንት ምርመራ ብዙ ጊዜ ይህን ዱቄት አያሳይም። የተረፈውን ከነመጠቅለያው ይዛችሁ ሂዱ።